የአህያዋ የኮቴ ምልክት

አንድ ጊዜ ከቆላ ጨው እየጫነች ለደጋ እንስሳት የምትሸጥ አህያ ነበረች። ጨውን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ በጭቃ ታሽገዋለች፤ ጭቃው ሳይደርቅም ኮቴዋን ታትምበታለች። ፍየሉም በሬውም ያንን ኮቴ ካየ ፈትቶ ሳያይ ይገዛል። ሽማግሌው ኤሊ ምልክቷን በአንበሳ ችሎት በስሟ እንድታስመዘግብ ደጋግሞ መክሯት ነበር። እሷ ግን አገር ያወቀኝን ምን ያስመዘግበኛል እያለች ትታው ኖረች።

አንድ ቀን ከቆላ ስትመለስ ገዢዎቿ ፊት ነሷት። አንዲት ፍየል ግልገሏ ጨው ልሶ እንደታመመባት ነገረቻት። አህያዋ ፍየሏ የገዛችውን ጥቅል ስትፈታው አመድ የተቀላቀለበት ነው፤ ጭቃው ላይ ግን ኮቴ ታትሟል። የሸጠላት ቀበሮ እንደሆነ ፍየሏ ነገረቻት። ይባስ ብሎ ምልክቱን በራሱ ስም ሊያስመዘግብ አመልክቷል፤ የችሎቱ አዋጅ ነጋሪም ተቃዋሚ ካለ ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ይቅረብ ብሎ ለፍፏል። ጀምበር ደግሞ አዘቅዝቃለች። አህያዋ ጭነቷን ጥላ ወደ ችሎቱ ሮጠች።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ ጅብ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃት። እስኪመሽ ካቆያት የጨው ንግዱን እኩል እንደሚያካፍለው ቀበሮ ቃል እንደገባለት በኩራት ነገራት። የአህያዋ ዓይን ከጀምበሯ ላይ አልነቀል አለ።

«አያ ጅቦ፣ ማመልከቻው ላይ ያንተ ስም አለበት?» አለችው።

«የለበትም። ግማሹ ያንተ ነው ብሎኛል።»

«ምልክት የሚሆነው በስሙ ለተመዘገበለት ነው። ነገ ቢክድህ በምን ትከሰዋለህ?»

ጅብ ይህን ሲሰማ መንገዱን ለቆ ከእሷ እየቀደመ ወደ ችሎቱ ገሠገሠ።

ሲደርሱ ቀበሮ ምልክቱን ራሱ እንደፈጠረው ለአንበሳ እየማለ ነበር። ጅብ አላስጨረሰውም።

«የኔ ግማሽስ? አህያ በልቼ ኮቴውን ለማተሚያ ያመጣሁልህ እኔ፣ መንገድ የዘጋሁባት እኔ!»

 አንበሳም ማመልከቻውን ሰርዞ፣ ቀድማ በምልክቱ ስትነግድ የኖረችው አህያዋ ናት ብሎ በስሟ አስመዘገበላት።

በሚቀጥለው ገበያ አህያዋ ጨውዋን ዘርግታ ቆመች። ገዢዎቿ ግን ጭቃውን ሰብረው፣ አሽትተው፣ ገሚሶቹም ሳይገዙ አለፉ። ችሎቱ ምልክቷን መልሶላታል፤ አመኔታውን ግን ገና ከገበያ ገበያ እየተመላለሰች ልትለምነው ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ በላባችን ያስከበርነውን ምልክት ሌላው በስሙ ሳያደርገውና ሳያረክሰው እኛው ቀድመን በሕግ ማስመዝገብ እንዳለብን ነው።