መምህሩና የቦኖው እናቶች

አንድ የሥነ ዜጋ መምህር ነበሩ፤ ስማቸው መምህር ይኄይስ ይባላል። ቁጣ የማያውቁ፣ የተማሪ ስም የማይረሱ ደግ ሰው ነበሩ። የሚኖሩት በከተማዋ ላይኛው ሰፈር ነው። እዚያ ውሃ ከቧንቧ ጠፍቶ አያውቅም።

በታችኛው ሰፈር ግን የሕዝቡ ቦኖ ከተዘጋ ስድስት ወር አልፎት ነበር። ልብስ አጣቢዎች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ተሸካሚዎች ተሰባሰቡ። መሪም ጽሕፈት ቤትም የላቸውም። በየሐሙሱ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ይቀመጡና "ቦኖው ይከፈት፤ በሰፈራችን ጉዳይ እኛም እንጠየቅ" ይላሉ።

የከተማዋ ሬዲዮ ስለ እነሱ ባወራ ቁጥር "ሁከተኞቹ" ይላቸዋል። አንድም ቀን ማይክሮፎን አቅርቦላቸው አያውቅም። መምህር ይኄይስም ጠዋት ቁርስ ላይ የሰሙትን ክፍል ገብተው ይደግሙታል። በኋላም ፈተና ላይ "ሁከተኞቹ የፈጸሟቸውን ሦስት ጥፋቶች ጥቀሱ" የሚል ጥያቄ አወጡ።

ሌላው ተማሪ ሁሉ መለሰ። አስካለ የምትባል ጎበዝ ልጅ ብቻ ቦታውን ባዶ ተወችው። መምህሩ ዜሮ ሰጧትና ከትምህርት በኋላ አስጠሯት።

"አስካልዬ፣ ምነው? ጠፍቶሽ ነው?"

"አይ መምህር" አለች አንገቷን ደፍታ። "እናቴ ከነሱ ጋር ናት። ጥፋቷን ባስብ ባስብ አጣሁት።"

"ታዲያ ሬዲዮው ዋሸ ነው የምትዪኝ?"

"ሬዲዮውን አላውቀውም። እናቴን ግን አውቃታለሁ።" ቀና ብላም "እርስዎስ ሄደው አይተዋቸው ያውቃሉ?" አለቻቸው።

ልጅቷ የጠየቀችው ለድፍረት አልነበረም፤ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ መምህሩ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄዱ። ራቅ ብለው ፀሐይ ላይ ቆመው ሳሉ አንዲት ሴት አየቻቸውና ከተቀመጠችበት ጥላ ፈቀቅ አለች።

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ። የአስካለ መምህር አይደሉ? እኔ እናቷ ነኝ፣ ደብሪቱ። ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም፤ እንደ አባት ነው የሚያስተምሩን ትለኛለች።"

አስካለ ዜሮ ማግኘቷን ለእናቷ አልነገረችም ነበር። መምህሩ ይህን ሲረዱ እንባቸው መጣ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የተናደደ ሰው ድንጋይ ወርውሮ የማዘጋጃ ቤቱን መስኮት ሰበረ። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀድማ ተነሥታ "በእኛ ስም እንዲህ አይደረግም!" ብላ ገሠጸችው። ሴቶቹም ስብርባሪውን በእጃቸው ለቅመው አጸዱ። በማግስቱ ሬዲዮው "ሁከተኞቹ መስኮት ሰበሩ" አለ። መስኮት መሰበሩ እውነት ነው። ስብርባሪውን ስለለቀሙት እጆች ግን ያወራ አልነበረም።

መምህር ይኄይስ ክፍል ገብተው ቆሙ።

"ልጆቼ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ስለሚቀመጡት እናቶች ያላየሁትን አስተማርኳችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ያንን የፈተና ጥያቄ ሰርዤዋለሁ።"

"እንግዲያው ትክክለኞቹ እነሱ ናቸው ማለት ነው?" አለ አንዱ ተማሪ።

"እሱን እኔ አልፈርድላችሁም። ማዘጋጃ ቤቱንም ጠይቁ፣ እናቶቹንም ጠይቁ፤ ከዚያ ራሳችሁ መዝኑ።"

ርዕሰ መምህሩ ይህን ሰምተው አስጠሯቸው። "አንተ ሰው፣ እንጀራህን ልታጣ ነው?" አሏቸው።

"እንጀራዬ ልጆቹን ማስተማር ነው። በገዛ እናቷ ላይ እንድትመሰክር አንዲትን ልጅ በፈተና ማስገደድ ግን ማስተማር አይደለም" አሉ መምህሩ።

ርዕሰ መምህሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፉባቸው፤ መምህሩም ፈርመው ተቀበሉ። ቦኖው ወዲያው አልተከፈተም። ነገር ግን ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ወደ ታችኛው ሰፈርም ወደ ማዘጋጃ ቤቱም ሄዱ። ወይዘሮ ደብሪቱ ፊት አንዲት የላይኛው ሰፈር ልጅ ቁጭ ብላ "እማማ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?" አለቻት። ወይዘሮ ደብሪቱ ባዶ ጀሪካኗን ወደ ጎን አድርጋ ትነግራት ጀመር። በስድስት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ክፉ ሰው ብቻ አይደለም ሰውን የሚበድለው። ደግ ሰውም የሰማውን ሳያጣራ ሲያስተላልፍ ይበድላል። ለሰዎች ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ጠጋ ብሎ "ምን ሆናችሁ?" ማለት ግን ፍቅር ይጠይቃል። እናንተስ፣ በወጣላቸው ስም ብቻ የምታውቋቸው፣ አንድም ቀን ያልጠየቃችኋቸው ሰዎች እነማን ናቸው?