ዘርፉ የተናገረው

ጠጋ በሉ፣ ተረት ልንገራችሁ። «እሺ፣ ንገሪን» በሉኛ!

ብረት አንደበት በነበረው ዘመን፣ በፈረሰኞች አገር አንለይ የሚባል ሰው ነበር። ፈረሱ ሲሞትበት ሞተር ብስክሌት ገዛ። ልቡ ግን ፈረሰኛ ነውና «ጌጥ የሌለው ፈረስ ከአህያ በምን ይሻላል?» እያለ ሞተሩን ያስጌጠው ጀመር። ሚስቱ የሻረግ የተማረች ነበረች፤ ሰው ፊት ግን ቃል ከአፏ የማይወጣ ዓይን አፋር።

መጀመሪያ የእግር መከላከያ ብረት አስገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ ብረቱ «ቋ! ቋ! ላልቻለሁ! ላልቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንለይ ሰማውና ወርዶ ቡሎኑን አጠበቀለት።

ቀጥሎ ተጨማሪ መብራት አስገጠመ። የመብራቱ ሽቦ «ጋልኩ! ተቃጠልኩ! ያለ ፊውዝ ትቀጥለኛለህ?» ብሎ ጨሰ። አንለይ ጭሱ ሸተተውና ወርዶ ፊውዝ አስገባለት።

ሦስተኛው ጌጥ ከቤት ወጣ። የሻረግ ለሟቹ ፈረስ በእጇ የሠራችው ቀይና ቢጫ የሱፍ ዘርፍ ነበር።

«የሠራሽው አንቺ፣ እሰሪውም አንቺ» አላት አንለይ።

ጎረቤት ቆሞ ያያል። እሷም በፈረስ እንደለመደችው፣ ከልጓም እስከ ኮርቻ እንደሚወጠረው አድርጋ፣ አንዱን ጫፍ ከመሪው፣ ሌላውን ከመከላከያው ብረት አሰረችው። ያኔ ዘርፉ በቀጭን ድምፅ አንሾካሾከ።

«እመቤቴ፣ ፈረስ ሲዞር ገላው ይተጣጠፋል። ይህ ብረት ግን አይተጣጠፍም። መሪው ሲዞር እኔ እወጠርና አንቄ እይዘዋለሁ። እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዙሪውና እዪ።»

የሻረግ እጇን ወደ መሪው ዘረጋች። «ኧረ የሻረግ፣ ልትጋልቢ ነው እንዴ? ገብስም ስጪው እንጂ!» አለ አንዱ። ሁሉም ሳቁ። እጇን መለሰች።

ማታ ዘርፉ ደግሞ ሹክ አላት። «ነገ እነግረዋለሁ» አለች።

ጠዋት አንለይ ለፈረሰኞች በዓል ሊሄድ ተነሳ። ጓደኞቹ በፈረስ ሆነው በር ላይ ይጠብቁታል። «እመቤቴ፣ አሁን!» አለ ዘርፉ። የሻረግ አፏን ከፈተች።

«ምነው? ፈረሴ አያምርም?» አላት አንለይ።

መሬቱን በእግሯ ጣት እየጫረች «ያምራል» አለች።

ከወንዙ በላይ ካለው ጠምዛዛ መንገድ ሲደርስ መሪው ግማሽ ዞሮ ቆመ። መንገዱ ዞረ፤ አንለይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሬሳውን በቃሬዛ አመጡት።

«የሰው ዓይን ነው» አሉ። «ጭቃው ነው» አሉ። «ቀኑ ነው» አሉ። የሻረግ ዘርፉን ፈትታ ከሳጥን ግርጌ ቀበረችው። በየዓመቱ ከሳጥኑ ውስጥ «መቼ ትነግሪያቸዋለሽ?» ይላታል። «ነገ» ትለዋለች።

በዘጠነኛው ዓመት የአንለይ ታናሽ ወንድም ልየው በአዲስ ሞተር መጣ። «እታለም፣ ሙሽራዬን በዚህ ላመጣ ነው። የወንድሜን ዘርፍ ስጪኝ፣ ልሰረው።»

የሻረግ ዘርፉን አወጣች። ዘርፉ በዚያን ቀን ምንም አላለም። የምትናገረው እሷ ብቻ ነበረች።

«አታስረው፣ ልየው። ወንድምህን የገደለው ዓይን አይደለም፤ ይህ ነው። ያሰርኩት እኔ ነኝ። መሪውን እንደሚይዝ አውቅ ነበር። አፈርኩና ዝም አልኩ።»

ልየው የሞተሩን መሪ እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዞረው። ሳይሰናበታት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ደጇን አልረገጠም፤ ሙሽሪቱን ግን በደህና ቤቱ አደረሰ።

እንግዲህ የምታስሩትን ሁሉ አስራችሁ «ያምራል» ከማለታችሁ በፊት «ይዞራል ወይ?» በሉ። የሚጮኸውንማ ማንም ይሰማዋል። አፍ ካፈረ፣ ቤት ፈረሰ።

ተረቴን መልሱልኝ አልልም፣ ዳቦም አልጠይቅም። እኔ ዘንድ ብዙ ኖሯል፤ ከእንግዲህ እናንተ ዘንድ ይደር።