ልብስ ሰፊውና ጆሮዋ የከበደ እናቱ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ቤቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ነበር። የፊተኛው ክፍል የሚሰፋበት፣ የኋለኛው የሚኖርበት ሲሆን በመካከላቸው ከመጋረጃ በቀር ምንም አልነበረም።

ፊሎሜና ልጄ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «አባ፣ ሦስት ልጅ፣ የመሥሪያ ቤት ሥራና ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ይዤ፣ በገና ሰሞን ለእግዚአብሔር የሚሆን ጊዜ ከየት ላምጣ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ከዚህ ሰው ቤት አይጠፋምና ታግሰሽ ስሚኝ።

ሰውየው ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት። አሮጊት እናቱም አብራው ትኖር ነበር። በዚያ ቤት ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ተሰብስቦ መቁጠሪያ መድገም፣ በአምስት ምሥጢር የተከፈለውን የእመቤታችንን ጸሎት ማድረስ፣ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። አባቱ ካረፈ በኋላ የምትመራው እናቱ ሆነች። በእመቤታችን ሥዕል ፊት ትቀመጣለች፤ ቤተሰቡ ከኋላዋ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ» የሚለውን የፊተኛውን ግማሽ እሷ ትላለች። «ቅድስት ማርያም ሆይ» የሚለውን የኋለኛውን ግማሽ ቤተሰቡ ይመልሳል።

የሴትየዋ ጆሮ ከከበደ ዓመታት አልፈዋል። ቤተሰቡ ሲመልስ አትሰማም። ነገር ግን የመልሱን ርዝመት ታውቀዋለች። የራሷን ግማሽ ከጨረሰች በኋላ መልሱ የሚፈጀውን ያህል ዝም ትላለች፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ትጀምራለች። አንድም ቀን ቀድማቸው ወይም ዘግይታባቸው አታውቅም። ልጆቹ በዚህ ይገረሙ ነበር።

አንድ ዓመት የነቢያት ጾም ሲገባ ለልብስ ሰፊው ከወትሮው የበዛ ሥራ መጣለት። ለገና አዲስ ልብስ ያልፈለገ ሰው የለም፤ ከገና በኋላ ደግሞ የሠርግ ወራት ይከተላል። መጀመሪያ ከጸሎቱ የቀረው እሱ ነው። «ይህቺን ኮሌታ ብቻ ልጨርስና እመጣለሁ» አለ፣ ሳይሄድ ጸሎቱ አለቀ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሳምንቱ ሚስቱ ልታግዘው ወጣች፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኩሳለች። ቀጥሎ ትልቋ ልጅ ጠርዝ መዘምዘም ያዘች። ትንንሾቹ ሁለቱ ከአያታቸው ኋላ ጥቂት ቀን ብቻቸውን ተቀመጡ፣ ኋላ ግን የሚቆጣቸው እንደሌለ ሲያዩ ጎረቤት ግቢ ሄደው መጫወት ጀመሩ።

ጸሎት ይቅር ያለ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ልብስ ሰፊውም ቢጠየቅ «በእኛ ቤት ጸሎት ተቋርጦ አያውቅም» ባለ ነበር። የእናቱ ድምፅ በየማታው በመጋረጃው በኩል ይመጣለታል፤ እሱ እየሰፋ ያንን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። ደግሞም እናቱ ፊቷን ወደ ሥዕሉ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትጸልየው። አትሰማም፣ ዞራም አታይም። ስለዚህ ማንም አልተጎዳም ብሎ አሰበ።

ገና ሊደርስ ሲል፣ ከኖላዊ እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አንድ እህል ነጋዴ የልጁን ቀሚስ ሊወስድ መጥቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቅ ነበር። ሚስቱ በስፌት መኪናው ትሰፋለች። ልብስ ሰፊው ነጭ ክር ቢያልቅበት ከኋላ ካለው ሣጥን ሊያመጣ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

እናቱ ሦስተኛው ምሥጢር ላይ ደርሳ ነበር፤ የጌታችን ልደት። እሱ ሣጥኑን ከፍቶ ክሩን ሲፈልግ የእናቱ ድምፅ ቆመ። ዝም አለ ቤቱ። ደክሟት ይሆን ብሎ ቀና ሲል፣ መቁጠሪያዋን በጣቶቿ መካከል ይዛ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ያለው ምንጣፍ ላይ ማንም የለም። ጥቂት ቆይታ ቀጣዩን ጀመረች፣ ግማሹን አለች፣ እንደገና ዝም አለች።

በዚህኛው ዝምታ የሰውየው ከንፈር ሳያስበው ተንቀሳቀሰ። «ቅድስት ማርያም ሆይ» ብሎ በልቡ እስከ «አሜን» ደረሰ። አሜን ሲልና እናቱ ቀጣዩን ስትጀምር አንድ ሆነ።

ክሩን ጥሎ ወጣ። በመኪናው ጎማ ላይ እጁን ጭኖ አቆመው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ።

«እማዬ ብቻዋን ናት።»

«ሰሞኑን ሁሉ እንዲሁ አይደለች እንዴ? ሥራው ነው እንጂ…»

«መልሱን እየጠበቀች ነው» አላት። «በያንዳንዱ ላይ ትጠብቀናለች። እኛ የለንም።»

ሚስቱ እጇ ላይ የነበረውን ቀሚስ አስቀመጠች። ትልቋ ልጅ ትንንሾቹን ልትጠራ ወጣች። ነጋዴው ግን አልተደሰተም።

«ዛሬ ይደርሳል ብለኸኝ ነበር እኮ» አለ። «መንገዴ ሩቅ ነው።»

«ይደርሳል ጌታው። ከጸሎት በኋላ ጨርሼ እሰጥዎታለሁ። መጠበቅ ካልተመቸዎት ነገ ቤትዎ ድረስ በእግሬ አመጣዋለሁ።»

ነጋዴው የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም። የልብስ ሰፊውን ፊት አየና፣ «እንግዲህ ጸሎት ካልክ ምን እላለሁ» ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ ተደገፈ።

አምስቱም ገብተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። አሮጊቷ የሷን ግማሽ ጨርሳ ዝም ስትል ሁሉም መለሱ። እናቱ አልዞረችም። እስከ መጨረሻው እንደ ሁልጊዜው መራች።

ሲያልቅ አማትባ ዞረች። ሁሉንም ባንድነት ስታይ አልደነቃትም። ልጇ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብሎ፣ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ። ሰሞኑን ብቻሽን ትተንሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ? አትሰሚም፣ ዞረሽም አታዪም።»

«የደነቆረው ጆሮዬ እንጂ ጀርባዬ አይደለም። ሰው ሲኖር ከኋላዬ ይሞቀኛል።»

«ካወቅሽ ለምን አልጠራሽንም? ወይ ደግሞ የእኛንም ራስሽ ብለሽ አትጨርሺውም ነበር?»

አሮጊቷ መቁጠሪያዋን አጠፈች። «መጥራትስ ልጠራችሁ አስቤ ነበር። ግን ተጠርቶ የሚመጣ ሰው ልቡን መኪናው ላይ ትቶ ይመጣል። የኋለኛው ግማሽ ደግሞ የእናንተ ነው። ድርሻችሁን እኔ ከወሰድኩት፣ ስትመጡ ምን ትላላችሁ?» አለች።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ካውያው እንዳይበርድ ብላ ተነሣች። ቀሚሱም ተጨረሰ። ነጋዴው ብዙ ሳይመሽበት ሄደ፤ ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

ሰኞ ዕለት ልብስ ሰፊው ለሠርግ ከተቀበለው ሥራ ገና ያልተቆረጠውን የሚዜዎች ጨርቅ አንሥቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ለሚሠራ ለሌላ ልብስ ሰፊ ወስዶ ሰጠው። ባለ ጨርቆቹን አስፈቅዷቸው ነበር። ያ ሰው ደነገጠ። «አሞሃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«ደኅና ነኝ። ሲመሽ ሲመሽ ቤት የሚጠብቀኝ ሥራ ስላለ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ የመኪናው ድምፅ ይቆማል። ቤቱ ግን የመነኮሳት ቤት አልሆነም። ትንሹ ልጅ አራተኛው ምሥጢር ላይ ሲደርስ ያንቀላፋል። ሚስቲቱ አንዳንድ ቀን ሽሮው እንዳይገነፍል ተነሥታ ከምድጃው ሥር ሆና ትመልሳለች። እሱም አንዴ አፉ ውስጥ የያዘውን እስፒል ማውጣት ረስቶ የመጀመሪያውን መልስ በጥርሱ መካከል ብሎ ልጆቹን አስቋቸዋል። የተቀበለውን ሥራ ለበዓሉ አደረሰ፤ ያልደረሰው የራሱ ልጆች ልብስ ብቻ ነው። በልደት ቀን ያምናውን ለብሰው፣ ጠርዙ ተለቅቆ እንዲረዝምላቸው ተደርጎ፣ አያታቸውን በሁለት በኩል ደግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እናታቸው አዲስ ልብስ ባለመኖሩ ያኮርፋሉ ብላ ፈርታ ነበር። አላኮረፉም።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ፣ ፊሎሜና። አንቺ እግዚአብሔርን አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠው ነጋዴ አድርገሽ ታስቢዋለሽ፤ «ደረሰ ወይ? አለቀ ወይ?» የሚል፣ በሥራሽ ላይ ሌላ ሥራ የሚጨምርብሽ። ስለዚህ ጊዜ ከየት ላምጣ ትያለሽ። እሱ ግን እንደዚያች እናት ነው። የራሱን ግማሽ ተናግሮ በመልስሽ ልክ ዝም ይላል። በጩኸት አይጠራሽም፣ ድርሻሽንም አይወስድብሽም።

የምታከብሪው በዓልም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። መልአኩ ለእመቤታችን የተላከበትን ቃል ተናገረ፣ ከዚያም መልሷን ጠበቀ። እሷም እንዳንቺ የቤት ሥራ የነበረባት ሴት ናት። «ይኩነኒ በከመ ትቤለኒ»፣ እንደ ቃልህ ይሁንልኝ፣ ስትል ምን ያህል ጊዜ ፈጀባት? አንድ ትንፋሽ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ ሥራሽን ሁሉ ጨርሰሽ ጸልዪ አልልሽም፤ ሥራ አያልቅም። የግድ ያልሆነውን አንዱን ግን ለጎረቤት ስጪው፣ ወይም ለከርሞ አቆዪው። ዛሬ ማታ ወጡ ቢደርስም ባይደርስም ባልሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ተቀመጪ። የሚያንቀላፋው ያንቀላፋ፣ አንቺም ከምድጃው ሥር መልሺ። ስንት ማታ እንዳመለጠሽ አትቁጠሪ። የእናንተን ግማሽ እስከ አሁን ማንም አልወሰደባችሁም።