አያ ጅቦና ጨው የተነሰነሰባቸው ዓሦች

አንድ ጊዜ፣ ዓሣ ሥጋ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ገና ባልበረደበት ዘመን፣ ንጉሡ አያ አንበሶ ዓሣ ማኖር ጀመረ። ዓሦቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ከሐይቁ ዳር ሰፍረው የነበሩ ሰዎች ሲነሱ ጥለውት በሄዱት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ገንዳውም በዋሻው መካከል በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጧል። አንበሶ የወደዳቸው ለጠባያቸው ነው። እሱ ሲያገሣ ሌላው አውሬ ሁሉ ይሸሻል፤ እነሱ ግን አፋቸውን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ያዳምጡታል። «በዚህ አገር የሚሰማኝ እነሱ ብቻ ናቸው» ይል ነበር።

ታዲያ አንበሶ የአጎቱ ልቅሶ ሩቅ አገር ጠራውና ለዓሦቹ ጠባቂ መፈለግ ያዘ። አያ ጅቦ ቀርቦ፣ ዓሣ ሥጋ ስላልሆነ በረሃብ ቢሞት እንኳ እንደማይቀምሰው ማለ። ሸንጎው ነገሩን መርምሮ፣ ሥጋ ያልሆነ ነገር ለጅብ እንደ ድንጋይ ነው ብሎ ፈረደለት። አንበሶም፣ «ስመለስ አንድ ቢጎድል ቆዳህን ምንጣፍ አደርገዋለሁ» ብሎት ሄደ።

ጅቦ ሁለት ቀን በታማኝነት ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን አንድ ወፍራም ዓሣ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ትክ ብሎ አየው። ጅቦ የተጋበዘ መሰለው። ሥጋ አለመሆኑን ላረጋግጥ ብሎ ዋጠው፤ ሥጋ ነበር። አሁን ቁጥሩ ጎደለ። ወደ ሐይቁ ሮጦ ከሸምበቆው ሥር ጎኑን በድንጋይ የሚያክ አንድ ከሲታ ዓሣ አገኘና፣ በአፉ ይዞ መጥቶ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። አሥራ ሁለት ሲሞላለት እፎይ ብሎ ተኛ።

በሳምንቱ ሲያያቸው ሁሉም ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቷል፤ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጅቦ ልቡ ተሰበረ። አንበሶ ለእሱ ሳይነግር ዓሦቹን በሌላ ሰው አስቀምሞ ሊበላቸው እንደሆነ ጠረጠረ፤ ቀኑንም ሙሉ እንዳኮረፈ ዋለ። በማግስቱ ግን ዓሦቹ ምግብ እምቢ አሉ። ገላቸውን በገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ያካሉ፤ እየተንሳፈፉ አየር ይምጋሉ። ያን ጊዜ በሽታ መሆኑ ገባውና ቆዳውን ዳበስ አደረገ።

ወደ ሸንጎው እንዳይሄድ፣ የበላው ነገር ይወጣበታል። ስለዚህ በጓሮ ዞሮ ሐኪም ነኝ የምትለውን እመት ቀበሮን ጠራ። ቀበሮ መጥታ ገንዳውን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ ምራቋንም ሁለት ጊዜ ዋጠች።

«ከተወለዱ ጀምሮ እንዲህ ረጥበው ነው የኖሩት?» አለችው።

«አንድ ቀን እንኳ ደርቀው አያውቁም» አለ ጅቦ።

«በቃ፣ ብርድ ነው። እርጥበቱ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል።»

ጅቦ ይህን እስከዛሬ ባለማስተዋሉ አፈረ። ቀበሮም በቀን ሁለት ሁለት እየወሰደች ቤቷ እንደምታደርቃቸው ነግራው፣ እሱም መድኃኒቱ እንዳይረክስ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቀችው። በሦስት ቀን ስድስት ዓሦች ሄዱ። ጅቦ እንዴት እንደሆኑ ሲጠይቃት፣ ደርቀው መዳናቸውን፣ ድነውም ዘመድ ጥየቃ መሄዳቸውን ነገረችው። በእግራቸው ነው ወይ ሲላት፣ ቀስ እያሉ ነው አለችው።

በአራተኛው ቀን ለቀሪዎቹ ስትመጣ፣ ጺሟ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆ አየ። ጅቦ ሞኝ ቢሆንም የምግብ ነገር አይጠፋውም።

«አንቺ በልተሻቸዋል» አላት።

ቀበሮ ዓይን ዓይኑን አየችው። «አንተስ?» አለችው።

ጅቦ ገንዳውን በጀርባው ከለለ። እሷም ሳትቸኩል ጺሟን ጠርጋ ሄደች።

ለገንዳው ውሃ የምታመላልሰው እትዬ አህያ ነበረች። ጅብ ያለበት ዋሻ ስለማትደፍር ጀሪካኖቿን ሁልጊዜ ደጃፍ አስቀምጣ ትፈረጥጣለች። ያን ጠዋት ግን ጅቦን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲጠራት «ምሳዬ» ነበር የሚላት።

«እትዬ አህያ፣ እባክዎ ይርዱኝ» አላት።

አህያ ከጥርሱ ይልቅ ትሕትናው አስደነገጣት። ቢሆንም ከሩቅ ቆማ አንገቷን አስግጋ ዓሦቹን አየች። ዕድሜዋን በሐይቁ ዳር ስለኖረች በሽታውን ታውቀዋለች።

«አዲስ ዓሣ አስገብተሃል?»

«ኧረ አላስገባሁም።»

«እንግዲያው ይህን በሽታ አላውቀውም» ብላ ለመሄድ ዞረች።

ጅቦ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አንዱን በልቼው ነው» አለ። «በምትኩ ከሐይቁ አመጣሁ።» ይህን ተናግሮ ሲጨርስ ውስጡ ቀለል አለው፤ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶት ስለማያውቅ ረሃብ መሰለው።

አህያ ተመልሳ አስረዳችው። ነጠብጣቡ ጨው ሳይሆን ተባይ ነው፤ ይዞት የመጣውም እንግዳው ዓሣ ነው። አዲስ መጤ ጥቂት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከነባሩ አይቀላቀልም። አሁን ግን በየጠዋቱ ከውሃው እሩቡን ቀድቶ በንጹህ መተካት፣ ጨው በልኩ መጨመር፣ በገንዳው ዙሪያ ትኩስ ድንጋይ ደርድሮ ውሃውን ሞቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጅቦ ለብ ያለውን ውሃ፣ ጨውና ዓሣውን እያየ ብዙ አሰበ።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱ መቼ ነው የሚገባው?»

«ሽንኩርት የለውም።»

«ቃሪያስ?»

«ሕክምና ነው፣ አያ ጅቦ።»

ጅቦ ራሱን ስላላመነ አፉን በሐረግ አስሮ ጥበቃውን ቀጠለ። በአምስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ረገፈ። በቃ ድነዋል ብሎ ድንጋዮቹን ሊያነሳ ሲል አህያ ከለከለችው፤ ተባዩ ከገላቸው የወረደው ውሃው ውስጥ ሊራባ ስለሆነ ገና አንድ ሳምንት ይቀራል አለችው። ጅቦ ያን ሳምንት ሐረጉን ሦስት ጊዜ እያጠበቀ ጨረሰው። የቀሩት ስድስት ዓሦች ዳኑ።

አንበሶ ተመልሶ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ ዋሻው እስኪናጋ አገሣ። ጅቦ ሐረጉን ከአፉ ፈትቶ ከራሱ ጀመረ።

«አንዱን የበላሁ እኔ ነኝ። ስድስቱን ቀበሮ ብትበላም ያስበላሁ እኔ ነኝ። የተረፉትን ያዳነች እትዬ አህያ ናት።»

አንበሶ የጅቦን ቆዳ ገልበጥ አድርጎ አየው። ለምንጣፍ የማይሆን፣ የተቦጫጨረ ነበር። ዓሦቹን አየ፤ ስድስቱም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ከእንግዲህ ጠባቂዋ አህያ እንድትሆን፣ ውሃውን ደግሞ ጅቦ እንዲሸከም ፈረደ። እመት ቀበሮ ፍርዱን ሳትጠብቅ ወደ ሐይቁ ማዶ ተሻግራለች፤ እዚያም ዳክዬዎችን ከእርጥበት ታክማለች ይባላል።

የጅብ ጀርባ ወደ ኋላው ቁልቁለት ስለሆነ ጀሪካን አይቆምበትም። እየተንሸራተተ ግማሹ ውሃ በጭራው በኩል ይፈስበታል። ዋሻው ደጃፍ ሲደርስ አህያ ጎንበስ ብላ ታይለታለች።

«ጎደሎ ነው፣ አያ ጅቦ። ተመለስ።»

እሱም ይመለሳል።

ከዚህ የምንማረው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት እንደሌለው ብቻ ሳይሆን፣ ጥፋቱን ደብቆ ሐኪም የሚፈልግም የሚያገኘው አብሮት የሚበላውን እንደሆነ ነው።