የቁልቁለት ሰፈር ቁልፍ

ደሴ ውስጥ ቁልቁለት ሰፈር በምትባለው መንደራችን፣ ሰዎች በአንድ የጋራ ጉዳይ ታክቷቸው «ለአንዱ እንስጠውና እንገላገል» ማለት ሲጀምሩ አንዱ ብድግ ብሎ የሚጥላት አባባል አለች። ዕድር ላይ ትነገራለች፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ትነገራለች፣ አሁንማ ገበያ ወጥታ የማላውቃቸው ሰዎች ሲናገሯት ሰምቻለሁ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደች የምትመስላቸው አሉ። አይደለችም። የተወለደችው በቅርቡ ነው፤ ያውም ሽንት ቤት በር ላይ። አትሳቁ። እኔም እዚያ ነበርኩ።

ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከአቀማመጡ ነው። ቤቶቹ ከላይ ከአስፋልቱ ጀምረው እስከ ታች ፈፋው ድረስ፣ አንዱ በሌላው ጣሪያ ላይ የቆመ እስኪመስል ተደራርበው ይወርዳሉ። በየግቢው ጉድጓድ ለመቆፈር ቦታ የለም። ሠላሳ አንድ አባወራ ለብዙ ዘመን የተጠቀምነው በዛገ ቆርቆሮ የታጠረች አንዲት ጉድጓድ ነበረች፤ እሷ ስትሞላ ደግሞ ፈፋው። በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሰጠን። ጉድጓዱን ወንዶቹ ቆፈርን፤ ድንጋዩንና አሸዋውን ከአስፋልቱ ላይ እያወረዱ ሴቶቹ ተሸከሙ። አራት በር ያለው፣ ወለሉ የተለሰነ ሽንት ቤት ቆመ። በተመረቀ ቀን ሠርግ የመጣ ነበር የሚመስለው።

ጽዳቱ በተራ እንዲሆን ተስማማን። ተራው ሦስት ወር ያህል ሄደና ጠብ መጣ። «እኔ ጠርጌ ስወጣ የሷ ልጆች አበላሹት።» «እሱ ውሃ ደፍቶ ብቻ ነው የሄደው።» አንዱ አልጠረገም ተብሎ ሲታማ የሚቀጥለው ተወ፤ እሱ ሲተው ሌላው ተወ። ተሳድበው ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤቶች ነበሩ። እኔ ራሴ ጫማ የምሰፋበት ቦታ ላይ ተቀምጬ የስንቱን ሐሜት እንደሰማሁ አላህ ነው የሚያውቀው። ሐሜቱ ብዙ ነበር፤ ሄዶ ያየ ግን አልነበረም።

ይሄን ጊዜ ነው ወንድይፍራው ብቅ ያለው።

ወንድይፍራው ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ከሰል የሚቸረችር አፈ ቅቤ ሰው ነው። አንድ እሑድ በዚሁ በጽዳት ጉዳይ ተሰብስበን ስንነታረክ አዲስ ባልዲ፣ አዲስ መጥረጊያና በረኪና ይዞ መሃላችን ቆመ።

«እናንተ ዘመዳሞች፣ በሽንት ቤት ትጣላላችሁ?» አለ። «ቁልፉን ለእኔ ስጡኝ። እኔ እጠርጋለሁ፣ እኔ አጥባለሁ፣ እኔ እጠብቃለሁ። ከእናንተ ምንም አልፈልግም፤ ግድግዳውን ተጠግቼ ከሰሌን ልሽጥ፣ በቃኝ።»

የመጀመሪያዋ መላሽ እትዬ ጦይባ ነበሩ። እትዬ ጦይባ የሰው ልብስ እያጠቡ አራት ልጆች ያሳደጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ግን ሲሠሩ ማንም የማይቀድማቸው ሴት ናቸው። በዚያ ሳምንት ተረኛዋ እሳቸው ስለነበሩ አራቱ ቁልፎች ጉያቸው ውስጥ ነበሩ።

«አላህ ሰጠን!» አሉ። «ቁልፍ ይዘን ከመባላት በቀር ምን ተረፈን? ውሰደው ወንድሜ።»

አውጥተው በእጁ አስቀመጡለት። አጨበጨብን። ወረቀት ላይም ፈረምን። ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የጨረሱት ዝምተኛው ጋሽ ይማም ብቻ «የሚሠራውን ማን ያይለታል?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ጋሽ ይማም፣ ሽንት ቤት ደግሞ ምኑ ይታያል!» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የበረኪናው ሽታ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። ከዚያ በሮቹ ቀኑን ሙሉ መቆለፍ ጀመሩ። ልጆች እንዳያበላሹ ነው አለን፤ ልክ ነው አልን። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ከሰሉ ደረቅ ቦታ ፈለገ። አንደኛው በር ጆንያ ተደረደረበት፤ «ለጥቂት ቀን ነው» አለ። ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ተደፍኖ ቀረ። አራተኛው ለእሱ ቤተሰብና ለደንበኞቹ ሆነ። ሠላሳ አንድ አባወራ በየጠዋቱ የእሱን በር ማንኳኳት ጀመረ።

«ማነው?» ይላል ከውስጥ።

«እኔ ነኝ ወንድይፍራው፣ እባክህ ክፈትልኝ።»

«አሁን ገና ማጠቤ ነው። ወለሉ ይድረቅ።»

ሐምሌ ነው እንግዲህ! በሐምሌ ደሴ ላይ የሚደርቅ ወለል ማን አይቶ ያውቃል? እኛ ግን ቆመን እንጠብቃለን። የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች በሩ ፊት ለፊት እግራቸውን እያፈራረቁ «ጌታዬ፣ ወንድሜ» ሲሉት አይቻለሁ። ሴቶቹ ጠዋት ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። ማታ ማታ እናማዋለን፤ ጠዋት ሄደን እናንኳኳለን።

ስንዱ የምትባል ላይ አስፋልቱ ዳር ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ ልጅ አለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ሲወርድ ሄዳ አንኳኳች። «ትንሽ ታገሺ እህቴ፣ ወለሉ ይድረቅ» አላት። ነፍሰ ጡር ምን ትታገሳለች? እንደ ድሮው ልማዳችን ወደ ፈፋው ወረደች። ጭቃው አንሸራቶ ጣላት።

ጩኸቷን የሰሙት ቦኖው ጋ ጀሪካን የሚሞሉት እትዬ ጦይባ ናቸው። በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደወረዱ እሳቸውም አያውቁትም። ባሏን ሙሄን ጠርተን፣ እየተቀባበልን ወደ ላይ አወጣናትና ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የእጇ አንጓ ተሰብሯል። ፅንሱ ግን ደህና ነው አሉን።

ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ላይ ስንዱ ጭቃዋ ሳይደርቅ ወደ እትዬ ጦይባ ዞረችና፣ «እትዬ፣ ያንን ድንጋይ እኮ እኔም ተሸክሜያለሁ» አለች። አላለቀሰችም።

እትዬ ጦይባ ያን ቀን ልብስ አላጠቡም። በቀጥታ ወረዳ ሄዱ። እዚያ ያገኙት ሰውዬ ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ «ፈርማችሁ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ከተስማማችሁ መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ወስዳችሁ ልትባሉበት ከሆነ ግን እኛን አታድክሙን» አላቸው። ተናደው ወጡ። መንገድ ላይ ግን ሰውዬው ያለው እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤት ለቤት ዞሩ። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ እያነከሱ ሠላሳውንም በር አንኳኩ። እኔ ጋ የመጡ ጊዜ ጫማ እየሰፋሁ ነበር።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የማስመልሰውም እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባልዲ ይዘህ ና።»

«ተመልሰን ልንጣላ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ስንጣላ በሩ ቢያንስ ክፍት ነበር» አሉኝ። መርፌዬን አስቀመጥኩ።

ብዙው ሰው የፈራው እንደ እኔ ያንኑ ጠብ ነበር። መላውን ያመጡት ጋሽ ይማም ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጦይባ ቤት ስድስት ሰባት ሆነን ተቀምጠን ሳለ፣ «መንገድ ስንሠራ» አሉ፣ «ጠጠር የሚያለብስ ሌላ ነው፣ ሄዶ የሚያይ ሌላ ነው። የሚያይ ከሌለ ጎበዙም ይሰንፋል፣ ሰነፉም ጎበዝ ነኝ ይላል። እኛን ያጣላን ጽዳቱ አይደለም፤ የሠራውንም ያልሠራውንም የሚያይ መጥፋቱ ነው።»

ስለዚህ ተባባልን። ጽዳቱ እንደ ድሮው በየሳምንቱ አንድ ቤት። ቁልፉም ከተረኛው ጋር ይዞራል። ከጽዳቱ ሌላ በየሳምንቱ ሁለት ተመልካች ይኖራል፤ አንዱ ከላይ ከአስፋልቱ በኩል፣ አንዱ ከታች ከፈፋው በኩል፣ እንዳይወዳጁ። ጠዋትና ማታ ሄደው ያያሉ። ያዩትን ቅዳሜ ቦኖው ጋ ሁሉም ባለበት ይናገራሉ። ቅሬታ ያለውም እዚያው ይናገር፤ በየቤቱ የሚያማ ግን አንድ ቀን ይጠርጋል።

ቅዳሜ ጠዋት ካፊያ ነበር። ሃያ ስምንት ቤት ባልዲውን ይዞ መጣ። ማንም አልጮኸም። እትዬ ጦይባ ወደ ፊት ወጥተው አንኳኩ።

«ማነው?»

«ሰፈሩ ነው» አሉ።

ወንድይፍራው ብርድ ልብስ ደርቦ ወጣ። ሰዉን ሲያይ ሊስቅ ሞከረ።

«ምንድነው እትዬ፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። ቁልፋችንን ፈልገን ነው።»

«እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ! ፊርማችሁ አለ!» ብሎ ገባና ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ሙሄ ተቀበለውና ጮክ ብሎ አነበበው። «ሽንት ቤቱን በንጽሕና ይዞ፣ ለነዋሪው ሁልጊዜ ክፍት ሊያደርግ ተስማምቷል» ይላል። ከታች የራሱ የወንድይፍራው ፊርማ አለ።

«እንግዲያው ክፈተውና ንጽሕናውን እንየው» አሉ ጋሽ ይማም።

 ከፈተ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? አንደኛው ጆንያ፣ ሁለተኛው ጆንያ። ሦስተኛው ሲከፈት ከፊት የነበርነው አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ አልን። የከሰል ብናኝና ጨርቅ ደፍኖት ጥቁር ውሃ እስከ ደፉ ቆሟል። ስንዱ የታሸገ እጇን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማ ታይ ነበር። ወንድይፍራው ዓይኑ እሷ ላይ ሲያርፍ አንገቱን ደፋ።

ከኋላ «በለው!» ያለ ነበር። እትዬ ጦይባ ዘወር ብለው ሲያዩት ዝም አለ።

«ከሰልህ ዝናብ እንዳይመታው ቤትህ እናግባልህ» አሉት። «አንተም ከዛሬ ጀምሮ እንደ ማንኛችንም ነህ። ሠላሳ ሁለተኛው ቤት ያንተ ነው። ተራህ ሲደርስ ትጠርጋለህ።»

ቁልፎቹን ሰጣቸው። በአንድ ረድፍ ቆመን ጆንያዎቹን እየተቀባበልን ወደ ክፍሉ አስገባን። ጋሽ ይማም በረጅም አጣና ሦስተኛውን ጉድጓድ ሲከፍቱ፣ እኛ ስንፈገፍግ፣ ሴቶቹ ውሃ ሲያመላልሱ እኩለ ቀን ሆነ። የመጀመሪያውን ሳምንት እትዬ ጦይባ ያዙ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሰመረ ብል ውሸት ነው። በአራተኛው ሳምንት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሥራ በዝቶብኝ ሁለት ቀን ውሃ ብቻ ደፋ ደፋ አድርጌ ሄድኩ። ቅዳሜ ቦኖው ጋ ተመልካቿ ስንዱ ተነስታ፣ «ሁለተኛው በር ውሃ ብቻ ነው የተደፋበት፤ አልተፈገፈገም» አለች። በስሜ ጠርታ! ፊቴ ጋለ።

«ሰው ፊት እንዲህ ትዪኛለሽ?» አልኳት።

«እኔ ዛሬ እዚህ ሰው ፊት አልኩህ» አለች ረጋ ብላ። «ድሮ ቢሆን ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ቦታ ይልህ ነበር፤ አንተ ብቻ ነህ የማትሰማው።»

«አብሽር፣ ነገ ትሠራዋለህ» አሉኝ ጋሽ ይማም። ሠራሁት። በሚቀጥለው ወር ተመልካች ስሆን ደግሞ ምን ያህል ዓይን እንደሚያስፈልግ ገባኝ። ጉድጓዱ ሊሞላ መቃረቡን ያየነው እኔና አንዲት የፈፋ በኩል ሴት ነን። ሳይፈስ በፊት ማመልከቻ አስገብተን የፍሳሽ መኪናው መጣልን።

ወንድይፍራውም ተራው ደረሰ። ሰው ሁሉ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ጠበቀ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁላችንም የተሻለ አጠበ። ስንዱ በመስከረም ስትወልድ ደግሞ አንድ ጆንያ ከሰል ይዞ ደጇ ላይ ቆመ። ሙሄ ጆንያውን ተቀበለውና «ግባ» አለው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ከላይኛው ሰፈር አምስት ስድስት ሰዎች ሊያዩን መጡ። እነሱም እንደ እኛ አንድ ሽንት ቤት ለአርባ አባወራ አላቸው፤ እነሱም ተጣልተዋል። የመጡት ቅዳሜ ስለነበር የተመልካቾቹን ወሬ ሰሙ፤ አንዱ ሲወቀስ፣ አንዷ ስትመሰገን፣ ሁለቱ ሲከራከሩና ሲታረቁ አዩ። አራቱንም በር ከፍተው ገብተው አዩ። ከመካከላቸው አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ መጥረጊያ ይዘው የቆሙትን እትዬ ጦይባን፣ «መቼም ንጹሕ ነው። ግን በየሳምንቱ ተራ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ፣ በየሳምንቱ ጭቅጭቅ! አይሰለቻችሁም? ለአንዱ ሰጥቶ መገላገል አይሻልም?» አለቻቸው።

«ይሰለቻል እንጂ» አሉ እትዬ ጦይባ ወገባቸውን ይዘው። «በጣም ይሰለቻል።»

ሴትዮዋ ያሸነፈች መስሏት ፈገግ ስትል፣ በር ላይ ባልዲ ይዘው የቆሙት ጋሽ ይማም ውሃውን ወለሉ ላይ ለቀቅ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ቁልፍ ሰጥቶ ከማንኳኳት ጠርጎ መክፈት ይሻላል» አሏት።