የመሃሉ ዘይት

እትዬ ፀዳለ፣ እንደምን ሰነበቱ። የእጅ ጽሑፌ መጥፎ ስለሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ እሱንም የጨረስኩት በመከራ ነው። የማይነበብ ቃል ቢያጋጥምዎት ልጅዎን ይጠይቁ ልል ነበር፤ ግን ለብቻዎ ቢያነቡት ይሻላል።

ባለፈው እሁድ ከሪሞት መኪና ውድድሩ ሜዳ ስንወጣ ወደ ጎን ሳብ አድርገው ስለ ባለቤትዎ የጠየቁኝን አልረሳሁትም። «ጋሽ ተካልኝ ዓይኑ እየደከመ ነው» አሉኝ። «መታጠፊያውን የሚያየው ካለፈው በኋላ ነው። ሥራውን እንደሆነ አልተወም፤ ተማሪዎቹን በሚኒባስ እያመላለሰ ነው። እዚህ ግን መኪናው በተገለበጠች ቁጥር ሲስቁበት አንጀቴን ይበላኛል። ዘይት የምትሞዪው አንቺ ነሽ፤ የመሃሉን ቀጠን አድርገሽ ቀይሪለት፣ እሱ እንዳይሰማ። ሳንነግረው ብናደርገው ምን ክፋት አለው?»

እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። እሺ ያልኩ መስሎዎት ይሆናል። ዝም ያልኩት መልሱ ረጅም ስለሆነብኝ ነው። ለታላቅ ሰው ምሳሌ መንገር የእኔ ወግ አይደለም፤ ነገር ግን በሌላ መንገድ መናገሩን አላውቅበትም።

አንድ ሾፌር ነበረ። ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጭቃውንም ቁልቁለቱንም ያውቀዋል፤ በመንገዱ ላይ ያሉ ሻይ ቤቶች ገና በጥሩምባው ድምፅ ይለዩትና ምሳውን ያቀርቡለት ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ የሪሞት መኪና ያሽቀዳድማል፤ በጊ የምንላትን፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትተውን። ትልቁን መኪና የሚነዳው ለቤቱ ነው፤ ትንሿን ለራሱ።

ይህን ሰው ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል በእግሩ ወጣ፣ አንደበቱም ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን ዘገየች። ያዢ ሲላት ትይዛለች፤ ልቀቂ ሲላት ቆየት ብላ ነው የምትለቀው። አሠሪው፣ አንድ እህል ነጋዴ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። «እጅህ እስኪድን እረፍ» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው። ሾፌሩም ቤት ዋለ። ጠዋት ጠዋት የጭነት መኪኖች በአስፋልቱ ሲያልፉ ከአልጋው ሳይነሳ በድምፃቸው ብቻ «ይሄ ጭነት በዝቶበታል»፣ «ይሄ ፍሬኑን ማሳየት አለበት» ይላል። የሚሰማው ግን አልነበረም።

እሁድ ሲሆን ወደ ሜዳው ሄደ። የሪሞቱን መሪ የሚያዞረው በቀኝ እጁ ነው፤ ነዳጅ የሚሰጥበትን ምላጭ የሚስበው ግን በግራ ጣቱ ነው። ጣቱ ምላጩን አንዴ ከሳበች ቶሎ አትለቅም። መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ቀዝቀዝ ማለት ሲገባት ትፈናጠርና በጣራዋ ትተኛለች።

«ሾፌር! መኪና ነው ፌንጣ የምትነዳው?» ይሉታል።

«ኧረ ጣራዋ ላይ ጎማ ግጠምላት፤ በሱ መሄድ ለምዳለች!»

አብሯቸው ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ምሳውን ሳይነካ ከገበታው ይነሳል።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ስለ ዘይቱ ትንሽ ላስረዳዎት። ቀጭን፣ ወፍራም ሲባል ይሰማሉ እንጂ ሳጥኑ ተከፍቶ ያዩ አይመስለኝም። በጊ ሦስት ዲፈረንሻል አላት፤ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ። እያንዳንዱ የክብሪት ሳጥን ያክላል፤ ውስጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፣ ጥርሶቹም ዘይት ውስጥ ይዋኛሉ። የፊቱና የኋላው ግራና ቀኝ ያሉትን ጎማዎች ያስማማሉ፤ ሲታጠፉ የውጭው ጎማ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ከውስጠኛው እኩል እንዲዞር አይገደድም። የመሃሉ ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ያካፍላል። ዘይቱ ወፍራም ከሆነ ጎማዎቹን አጥብቆ ያስተሳስራል፤ ቀጭን ከሆነ ይለቃቸዋል።

የጠርሙሶቹ ጽሑፍ ስለለቀቀ እኛ ዘይቱን የምንለየው በመቁጠር ነው። ጠርሙሱን ገልብጠን አረፋው እላይ እስኪደርስ እንቆጥራለን። አራት ስንል ከደረሰ ባለ አራት ነው፤ አስራ አምስት ስንል ከደረሰ ባለ አስራ አምስት ነው። ሾፌሩ ድሮ ጤነኛ ሳለ ፊት ባለ ዘጠኝ፣ መሃል ባለ አስራ አምስት፣ ኋላ ባለ አምስት ያስሞላ ነበር፤ ከታመመም በኋላ አልለወጠውም። መሃሉ ባለ አስራ አምስት ሲሆን ጣት የሰጠው ሁሉ ሳይቀነስ መሬት ይደርሳል። ለፈጣን እጅ ከዚያ የሚሻል የለም። ባለ አራት ሲሆን ግን ጣት ድንገት ቢጫን ወይም ለመልቀቅ ቢዘገይ ጉልበቱ ክብደት ወደቀለላቸው ወደ ፊት ጎማዎች ይሸሻል፤ እነሱ በከንቱ ይሽከረከራሉ፣ መኪናዋ ግን በእርጋታ ትሄዳለች።

ሾፌሩ አንድ ወዳጅ ነበረው። ዘይት የሚሞላለት እሱ ነው። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያለ «መሃሉን ብናቀጥነውስ?» አለው።

ሾፌሩ ተቆጣ። «የሕፃን ዘይት ልትሞላልኝ? እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ!»

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሾፌሩ ፀጉሩን ሊስተካከል በሄደበት፣ ወዳጁ የመሃሉን ሳጥን አራት ብሎኖች ፈታ። ባለ አስራ አምስቱን አንጠፍጥፎ ባለ አራቱን ሞላ። ጥርሶቹ ላይ የቀረውን እንኳ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ አሰረው። በልቡ «አንድ እሁድ ብቻ ደስ ይበለው» ነበር የሚለው።

በማግሥቱ ሾፌሩ አስራ አንድ ዙር ነዳ፤ አንዴም አልተገለበጠም። ሦስተኛ ወጣ። የሚስቅ ጠፋ። ሪሞቱን መሬት አስቀመጠና ግራ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ለሁሉም አሳየ። «አያችኋት? ተመለሰች!» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ያን ቀን ምሳውን በልቶ ጨምሩልኝ አለ።

እጁ ግን አልተመለሰችም ነበር። በአስራ አንዱም ዙር፣ በየመታጠፊያው፣ ጣቱ ዘግይታለች። መዘግየቷን ዘይቱ ዋጠላት። እሱ መሬቱን እንጂ ዘይቱን አያይም፤ ስለዚህ እጄ ድናለች ብሎ አመነ። ወዳጁም አንድ እሁድ ያለውን ሁለት አደረገው፣ ሦስት አደረገው። ደስ ያለውን ሰው ማስከፋት ከባድ ነው።

በሦስተኛው እሁድ ሾፌሩ ነጋዴውን ይዞት መጣ። «ሐኪም አትጠይቅ፤ በዓይንህ እይ» አለው። ነጋዴው ቆሞ አየ። መኪናዋ አቧራውን እየቆረጠች ስትታጠፍ፣ ስትዘል፣ በአራት እግሯ ስታርፍ አየ። ሳቀና እጁን ኪሱ ከተተ፣ ቁልፉንም አውጥቶ ሰጠው።

ሰኞ ሾፌሩ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ወደ ወዳጁ መጣ። «ነገ በቆሎ ጭኜ እወርዳለሁ!» ወዳጁ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሾፌሩ ግን በጣም እየሳቀ ነበር። ወዳጁ አፉን ዘጋ።

ማክሰኞ መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ። መታጠፊያው ጋ ሾፌሩ ማርሽ ሊቀንስ ቀኝ እጁን ከመሪው አነሳ። መሪውን የያዘችው ያቺ ግራ እጅ ብቻ ነበረች። ዙሪ አላት። ዞረች፤ ግን ቆየት ብላ። መኪናው ከነበቆሎው ገደል ገባ። ብቻውን ስለነበር ሌላ ሰው አልተጎዳም። እሱንም ሕይወቱን አተረፉለት፤ ቀኝ እግሩን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

አሁን ያ ሰው በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ነጋዴውን አይወቅስም፣ መንገዱንም አይወቅስም። ግራ እጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጥና ይከፍታታል፣ ይዘጋታል። «እሁድ ስትታዘዢኝ አልነበር?» ይላታል። «ማክሰኞ ምን ነካሽ?»

እትዬ ፀዳለ፣ ሾፌሩ ማን እንደሆነ ገና ስጀምር እንዳወቁ አውቃለሁ። ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ጋሽ ተካልኝም እንደ እሱ ናቸው። እሁድ እሁድ መገልበጣቸው እርስዎን ያምዎታል፤ ግን ስለ ዓይናቸው እውነቱን የሚነግራቸው ያ መገልበጥ ብቻ ነው። አቧራ ላይ ነው የሚነግራቸው፣ ሰው ሳይጎዳ፣ የሚሰበረውም ትንሽ ፕላስቲክ ነው። እሱን በስውር ብንቀማቸው ደህና ነኝ ብለው ያምናሉ፤ ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱን ያስነሳሉ። ሚኒባሱ ውስጥ የሰው ልጆች አሉ። መሃሉ ላይ ደግሞ ስህተት የሚውጥ ዘይት የለውም።

ዘይቱን አልቀይርም አላልኩም። ቀጭን ዘይት ነውር አይደለም፤ ሁሉም ለእጁና ለዓይኑ የሚስማማውን ቢመርጥ ደግ ነው። ግን እሳቸው እያወቁ ይሁን። ቅዳሜ ይዘዋቸው ይምጡ። ጠርሙሱን እሳቸው ይገልብጡት፣ አረፋውንም እሳቸው ይቁጠሩት። አረፋው እላይ ሲደርስ ማየት ካቃታቸው ሌላ ነገር መናገር አያስፈልገንም፤ ሰኞ ጠዋት ዓይን ሐኪም ቤት ይሄዳሉ። ይቆጣሉ። እርስዎን ይቆጡ፣ እኔንም ይቆጡ። ቁጣው ያልፋል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ወዳጁ ያልኩትን ሰው ማን ነው ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ወንድ አስመስዬ የጻፍኩት አፍሬ ነው። አባቴ «የሕፃን ዘይት ልትሞዪልኝ?» ብሎ የተቆጣው እኔን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አራቱን ብሎኖች የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ሰኞ አፌን ከፍቼ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋትም በረንዳው ላይ እጁን ሲጠይቃት ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁት። እሷ አልከዳችውም፤ እሁድም ያው ነበረች። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱም።