በሞቴ ቢሉት ያልበላው ዝሆን

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ የሚያዛጋ ካለ ከወዲሁ ይውጣልኝ።

ግራዝማች ወልደሰንበት የሚባሉ ትልቅ ሰው ነበሩ። ትልቅነታቸውንም የሚነግሩን እሳቸው ናቸው። በረሃ ለበረሃ እሾህና ቅርንጫፍ ሲቆረጥም የሚኖር ዝሆን አሳዘናቸውና አስይዘው ግቢያቸው በሰንሰለት አሰሩት። እንግዳቸው ሆነ ማለት ነው።

ድፎ ዳቦ አቀረቡለት፤ ዞር አለ። ክትፎ አቀረቡለት፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጠቅልለው "በሞቴ!" አሉት። በሞታቸውም አልበላ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠር ጀመር።

"ኧረ ምን አማረህ?" አለው ጠባቂው ጉደታ።

"የግራር ልጥ። አንዲት ልጥ።"

ግራዝማች ጉደታን ጠሩት። "ከኔ ቤት እንግዳ ተርቦ ከሞተ ስሜ ጠፋ። ስሜ ከጠፋ አንተም ትጠፋለህ!"

ጉደታ ወደ ግራር ሮጠ። "እመት ግራር፣ ልጥ ስጪኝ፤ ዝሆን ክትፎ አልበላ አለ።"

"ለግራዝማች እንግዳ ቆዳዬን ልገፈፍ? አልሰጥም!"

ወደ መጥረቢያ ሮጠ። "አያ መጥረቢያ፣ ግራርን ቁረጥልኝ፤ ግራር ልጥ አልሰጥ አለች፣ ዝሆን ክትፎ አልበላ አለ።"

"ዛሬ ሚካኤል ነው፤ በበዓል እንጨት አልቆርጥም!" ሰንበት ሳይቀር የሚቆርጠው እሱ፣ ዛሬ ጻድቅ ሆነ።

ወደ እሳት ሮጠ። "እመት እሳት፣ መጥረቢያን አቅልጪልኝ፤ መጥረቢያ ግራርን አልቆርጥ አለ፣ ግራር ልጥ አልሰጥ አለች፣ ዝሆን ክትፎ አልበላ አለ።"

"አይመቸኝም። ያንኑ ክትፎ ለብ ለብ እያደረግሁ ነው!"

ወደ ወንዝ ሮጠ። "አያ ወንዝ፣ እሳትን አጥፋልኝ፤ እሳት መጥረቢያን አላቀልጥ አለች፣ መጥረቢያ ግራርን አልቆርጥ አለ፣ ግራር ልጥ አልሰጥ አለች፣ ዝሆን ክትፎ አልበላ አለ።"

"እኔ ዳገት አልወጣም። የፈለገ ወደ እኔ ይውረድ!"

ጉደታ አንገቱን እየዳሰሰ ተመለሰ። "ጌታዬ፣ ወንዝ እሳትን አላጠፋ አለ፣ እሳት መጥረቢያን አላቀልጥ አለች፣ መጥረቢያ ግራርን አልቆርጥ አለ፣ ግራር ልጥ አልሰጥ አለች፣ ዝሆን ክትፎ አልበላ አለ። ወንዝን ጠጥቶ የሚያስፈራራ ከየት ይምጣ?"

ግራዝማች ሳቁበት። "አንተ ደንቆሮ! ወንዝ የሚጨርስ ሆድ ያለው የኔ እንግዳ አይደል? ፍታውና ይጠጣው!"

እንዲህ ያለ ብልሃት ከትልቅ ሰው በቀር ከማን ይወጣል!

ዝሆኑ ተፈታ። ቁልቁል ወርዶ ኩምቢውን ነከረ። ወንዝ "እሳትን አጠፋለሁ!" አለ፤ እሳት "መጥረቢያን አቀልጣለሁ!" አለች፤ መጥረቢያ "ግራርን እቆርጣለሁ፣ የምን ሚካኤል!" አለ። ግራር ግን ዝም አለች። ግራር የቆመችው መንገድ ዳር ነበር፤ ዝሆኑ ሲወርድ ልጧታል። ውሃ የጠጣውም ልጧን ለማወራረድ ነው።

ከዚያ ቁልቋሉን ከነእሾሁ፣ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ እየቆረጠመ ወደ በረሃው ሄደ።

ግራዝማች ጉርሻቸውን እንደያዙ በር ላይ ቀሩ። "ምን ሆነ?" አሉ።

"ጠገበ፣ ጌታዬ።"

"አላልኩህም! እኔ ቤት መጥቶ ሳይጠግብ የሄደ የለም!" ብለው በአገሩ ሁሉ አስወሩ። ጉደታም በዚሁ አንገቱ ተረፈለት፤ ክትፎውንም እሱ በላው።

አለቀ። ያዛጋችሁ ግቡ።